ድስቱን ምድጃ ላይ አታሳድሩብን

ሰላም ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የምጽፍላችሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ስራዬ ምግብ ማብሰል ነው፣ እዚሁ ከተማ አንድ ፔንሲዮን ኪችን ውስጥ እሰራለሁ፣ በድግስ ሰሞን ደግሞ ሰው ቤት እየተጠራሁ እወጣለሁ። ለገና ባወጣችሁት የምግብ አምድ ላይ ኮክ ኦ ቫን ሚባለውን የፈረንሳዮች የዶሮና የወይን ወጥ አሰራር ሳይ ደስ አለኝ፣ ሁሌ ላዛኛና ፒዛ ከማየት ይሄ ይሻላል፣ መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ደነገጥኩ። ወጡ በማግስቱ ይበልጥ ስለሚጣፍጥ ክዳኑን ገጥማችሁ ምድጃው ላይ አሳድሩት ነው ሚለው። አረ በናታችሁ! በማግስቱ መጣፈጡ እውነት ነው፣ ማሳደሩም ልክ ነው፣ ምድጃ ላይ ማሳደር ግን ሰው ይጥላል። በሚቀጥለው እትም እንድታርሙት ነው የምጽፈው፣ እግረ መንገዴን ደጋ ላይ ያለን ሰዎች ይሄን ወጥ እንዴት እንደምንሰራው ልጨምር፣ ምክንያቱም የጻፋችሁት ሰዓት እንኳን እዚ ደብረ ብርሃን፣ አዲስ አበባም ላይ ሚሰራ አይመስለኝም።

ታሪኩን ቶሎ ልለፈው። ጁሊየስ ቄሳር ጎል የሚባሉትን የጥንት ፈረንሳይ ሰዎች ሲወጋ የላኩለትን አውራ ዶሮ በወይን አስቀቅሎ መልሶ አበላቸው ያላችሁት ተረት ነው፣ አሰራሩ ተጽፎ የሚገኘው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ ነው። ከዛ በፊት በየገበሬው ቤት አይሰራም ነበር ማለት አደለም፣ ያረጀ አውራ ዶሮና ርካሽ ወይን ያለው ሰው ምን እንደሚያደርግ ማንም አያስተምረውም መቼም። የታወቀው በቡርጎኝ ቀይ ወይን የሚሰራው ነው፣ አልዛስ ያሉት በነጭ ወይን በሪስሊንግ ይሰሩታል፣ ጁራ ያሉት ደሞ የራሳቸውን ቢጫ ወይን ያደርጉበታል፣ ልክ እኛጋ የጎንደር ዶሮ የሸዋ ዶሮ እየተባለ እንደሚከራከሩበት።

ወደ ዶሮው እንምጣ። እናንተ የፈረንጅ ዶሮ፣ 40 ደቂቃ ብላችኋል። የፈረንጅ ዶሮ ወዲያው በስሎ ከአጥንቱ ይላቀቅና ይበተናል፣ ወይኑ ግን ገና ጥሬ ጥሬ ይሸታል። ይሄ ወጥ የተፈጠረው ለጥብስም ለምንም ለማይሆን ጠንካራ አውራ ዶሮ ነው። ጅማቱና መገጣጠሚያው ላይ ያለው ኮላጅን በቀስታ እሳት ብዙ ሰዓት ሲቆይ ወደ ጄላቲን ይቀየርና መረቁን ራሱ ያወፍረዋል፣ ከንፈር ላይ ያዝ ያደርጋል፣ የወጡ ነገር ሁሉ ያ ነው። እኛጋ ደግሞ ምን ሞልቷል፣ የአበሻ አውራ ዶሮ! ጫጫ ገበያም ሂዱ ደነባም ሂዱ ስንት አመት ሙሉ ሰፈር ሲቀሰቅስ የኖረ አውራ ዶሮ እግሩን ታስሮ ታገኛላችሁ፣ ሻጩም ጠንካራ ነው ብሎ አይደብቃችሁም፣ ለዶሮ ወጥ የሚፈልገው ሰው ስለሚያልፈው ዋጋውም ላይ ትከራከራላችሁ። ያን ያጣ ሰው ያረጀ የሳሶ አውራ ዶሮ ይግዛ፣ ለነገሩ የሳሶ ዘር ራሱ የመጣው ከፈረንሳይ ነው።

ሰዓቱ ላይ ደግሞ ጨርሶ ያላነሳችሁት ነገር ከፍታ ነው። ደብረ ብርሃን ከባህር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት፣ እዚ ውሃ ሚፈላው 100 ዲግሪ ላይ አደለም፣ 90 እና 91 አካባቢ ነው፣ መሀል ሜዳ ስትወጡ ከዛም ያንሳል፣ ጣርማበርን ወርዳችሁ ሸዋሮቢት ስትደርሱ ደግሞ ከፍ ይላል። ስለዚ ድስቱ ቡልቅ ቡልቅ ስላለ ብቻ ሰዓቱን ከጋዜጣ አይቶ ማውረድ የለም። የአበሻ አውራ ዶሮ እዚ በትንሽ እሳት ከ2 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ይፈልጋል፣ ታፋው ላይ ቢላ ስትሰኩ ሳይታገል ገብቶ ሳይታገል ሲወጣ ያኔ ደርሷል። ፕሬሸር ኩከር ያለው ሰው ያሳጥረዋል፣ ግን ክዳን ተገጥሞ የበሰለ መረቅ ስለማይመጥን በኋላ ከፍቶ ማንተክተክ አለበት፣ እኔ በበኩሌ አልወደውም።

ወይኑን አክሱሚት ማለታችሁ አናደደኝ ልበል? አክሱሚት ጣፋጭ ነው፣ አንድ ሙሉ ጠርሙስ ማለት 750 ሚሊ ሊትር ገብቶ ወደ ግማሽ ሲመጥን የሚቀረው ስኳሩ ነው፣ ዶሮው ማርማላታ የተቀባ ይመስላል። ደረቅ ቀይ ወይን ነው ሚያስፈልገው፣ ጉደር ይበቃል፣ አቅም ካለ ደግሞ የፈረንሳዩ ካስቴል ዝዋይ ላይ ከሚጠምቀው ሪፍት ቫሊ ሜርሎውን ወይ ሲራውን። ዶሮ ወጥ ላይ ጠጅ ጠብ ማድረግ የታወቀ ነው፣ እዚህ ላይ ግን ጠጅ ያው የማር ጣፋጭነቱ አይለቅም፣ ይቅርባችሁ።

የአሳማውን ስብ በቋንጣ መተካታችሁ ሀሳቡ ጥሩ ነበር፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አሳማ ስለማይበላ፣ ግን ቋንጣ በርበሬ አለበት፣ ወይኑን ያጠፋዋል። የመንዝ በግ ላት ትንሽ ቆርጣችሁ ብታቀልጡና ዶሮውን በሱ ብትጠብሱት በጣም ይሻላል፣ በልኩ ከሆነ የበግ በግም አይሸትም። ንጥር ቅቤ አትንኩ፣ ኮረሪማውና ኮሰረቱ ወጡን ወደኛ ይጎትተዋል፣ ለጋ ቅቤ ነው። ታይም የሚባለውን የፈረንጅ ቅጠል ፍለጋ ደግሞ አዲስ አበባ ሱፐርማርኬት ድረስ ምን አስኬዳችሁ፣ የታይም የቅርብ ዘመድ የሆነው ጦስኝ እዚሁ ጓሳ ላይ እየረገጥነው ነው የምንሄደው፣ ሽታው ኃይለኛ ስለሆነ ግን የታይሙን ግማሽ አድርጉ። ለትንንሾቹ ሽንኩርቶች ከሸዋሮቢት ከሚመጣው ቀይ ሽንኩርት ሻጮቹ ለይተው የሚጥሉትን ደቃቃውን ልቀሙ፣ በርካሽ ይሰጧችኋል። ዶሮው ላይ አፍስሳችሁ አንድዱት ያላችሁትን ኮኛክ በተመለከተ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ አረቄ ያጣ ሰው የለም፣ ዳግም አረቄም በደንብ ይነዳል፣ ግን ሽታው መረቁ ውስጥ ይቀራል፣ ስለዚ ኮኛክ ከሌለ ዝም ብሎ መተው ነው፣ ካለም በስኒ ለክታችሁ ድስቱን ከእሳት አውርዳችሁ ጨምሩ፣ ከጠርሙሱ ቀጥታ እሳት ላይ የሚያፈስ ሰው ቅንድቡን አይፈልገውም ማለት ነው።

ሎሚ ላይ ልናገር። ለዶሮ ወጥ እንደምናደርገው በሎሚና በጨው አስሬ ማጠብ እዚህ አያስፈልግም፣ ወይኑ ራሱ አሲድ ስላለው ሲደመር ይኮመጥጣል። እንደውም የምግብ ደህንነት ባለሙያዎች ጥሬ ዶሮ ሲታጠብ ሚፈናጠቀው ውሃ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር ሚባሉትን ጀርሞች ኪችኑ ላይ ይበትናል ብለው አትጠቡ ነው ሚሉት። ሳላጥብ አላበስልም ካላችሁ እኔም ሀበሻ ነኝ አልጣላችሁም፣ ግን በቀስታ፣ ሳፋ ውስጥ፣ ከዛ ሳፋውንም ቦታውንም በሳሙና።

እንግዲህ ዶሮውን 8 ወይ 10 ቦታ ቆርጣችሁ (12 ብልት አያስፈልግም፣ እዚ ማንም አይቆጥርባችሁም) ወይኑ ውስጥ ከካሮት፣ ከሽንኩርት፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጦስኙ ጋር ፍሪጅ ውስጥ ታሳድሩታላችሁ። ጠዋት ስታወጡት ቆዳው ወይኑን ጠጥቶ ሐምራዊ ሆኖ ነው ሚጠብቃችሁ፣ ያስጠላል፣ አትደንግጡ። አሁን ሰው ሁሉ ሚንቃት ስራ አለች፣ እያንዳንዱን ብልት በንጹህ ጨርቅ ጠራርጎ ማድረቅ። እርጥብ ስጋ ስብ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ይተፋና ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም፣ ድስቱን ሞልታችሁ ከደረደራችሁም እንደዛው፣ ስለዚ ሶስት ሶስት አራት አራት እያደረጋችሁ፣ ቻ የሚለው ድምፅ ሳይቋረጥ፣ ሐምራዊው ወደ ቡናማ እስኪሄድ። ከዛ አትክልቱን አቁላሉና ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነስንሳችሁ ትንሽ አመስ አመስ፣ ወይኑን መልሱና የድስቱ ቂጥ ላይ የያዘውን ቡናማ ነገር በእንጨት ማንኪያ እየፋቃችሁ አሟሙት፣ እሱን የጣለ ሰው ወጡን ጥሎታል። ከዛ ዶሮውን መልሶ፣ መረቅ ወይ ውሃ ጨምሮ፣ ገርበብ አድርጎ ከድኖ መተው ነው። እንጉዳዩና ትንንሾቹ ሽንኩርቶች ለብቻ በለጋ ቅቤ ተጠብሰው መጨረሻው 15 ደቂቃ ላይ ይገባሉ፣ ከመጀመሪያው ከገቡ አታገኟቸውም። መረቁ የማንኪያ ጀርባ ላይ ከያዘና በጣት ስትሰነጥቁት መንገዱ ካልተዘጋ በቃ ሆኗል። ድስቱ ሸክላ ወይ ኢናሜል ይሁን፣ ወይን አልሙኒየም ድስት ውስጥ ሰዓታት ሲቆይ የብረት ጣዕም ያመጣል፣ የሸክላውም ድስት ደግሞ የዶሮ ወጡ አይሁን፣ በርበሬው ውስጡ ሰርጿል።

አንድ ሌላ ያልተስማማሁበት፣ አልኮሉ ወዲያው ስለሚተን ለሁሉም ሰው ይሆናል ማለታችሁ ነው። ወዲያው አይተንም። የአሜሪካ ግብርና መስሪያ ቤት ባወጣው ሰንጠረዥ ግማሽ ሰዓት ከበሰለ ከገባው አልኮል 35 በመቶው ይቀራል፣ አንድ ሰዓት ከበሰለ 25 በመቶው፣ 2 ሰዓት ተኩልም ቆይቶ 5 በመቶ ገደማ አለ። በናንተ 40 ደቂቃ ሲሆን እንግዲህ አስቡት። ሰሜን ሸዋ ደግሞ ክርስቲያንና ሙስሊም ጎረቤት ሆኖ የሚጠራራበት ሀገር ነው፣ አጣዬም ሂዱ ሸዋሮቢትም ሂዱ፣ ስለዚ እንግዳ የጠራ ሰው ወይን እንዳለበት አስቀድሞ ይናገር፣ ዝም ብሎ የፈረንጅ ወጥ ነው ብሎ ማቅረብ ነውር ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። እዚ ሀገር ደብረ ብርሃን ራሷ ፍሪጅ ናት ብለን እንቀልዳለን፣ ታህሳስና ጥር ላይ ጠዋት ሳሩ ውርጭ ለብሶ ነው ሚነጋው፣ እና ሰው ድስቱን ማዕድ ቤት ትቶ ሲተኛ ብርዱ ይጠብቅልኛል ይላል። አይጠብቅም! ትልቅ ድስት፣ ክዳን የተገጠመለት፣ ወፍራም መረቅ ያለበት፣ አንዳንዱ ሰውማ ጭራሽ እንዳይቀዘቅዝ ብሎ ጨርቅ ይጠቀልልበታል፣ ማታ 3 ሰዓት የወረደ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ክዳኑ በረዶ ሆኖ መሀሉ ጣት ስትከቱበት ለብ ያለ ነው። ጀርም ሚወደው ደሞ ያንን ነው። ስጋ ወጥ ላይ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ሚባል ባክቴሪያ አለ፣ ስፖር ሚባል ዘር የመሰለ ነገር ይሰራል፣ እሱ ደግሞ በማፍላት አይሞትም፣ እዚ በ90 ዲግሪ ምናፈላውማ ምኑም አደለም፣ ወጡ ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ ይነቃና ይራባል። የበላው ሰው ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን ይለቀዋል፣ ህፃንና ሽማግሌ ላይ ግን ይከብዳል። እኛ ሰፈር ከድግስ ማግስት እንዲ ሲሆን ዓይን በላው ይባላል፣ ደጋሿም ያቺ ሴትዮ ስትገባ አስተያየቷ አላማረኝም ነበር ትላለች፣ ድስቱን ማንም አይጠረጥርም!

ወይን ስላለው አይበላሽም የሚልም ሰው ገጥሞኛል። ጠርሙስ ውስጥ ያለ ወይንና ከመረቅ ጋር ተቀላቅሎ 3 ሰዓት የፈላ ወይን አንድ አይደለም፣ አልኮሉ አብዛኛው ሄዷል፣ የቀረው አሲድም ስጋ አያቆይም። እናቶቻችን ለፋሲካ የሰሩትን ዶሮ ወጥ ጠዋት ማታ እያፈሉ ሳምንት ያቆዩት ነበር ብትሉኝ እውነት ነው፣ ግን ያ ወጥ ሽንኩርቱ ውሃውን ጨርሶ በቅቤ የተንሳፈፈ ወፍራም ወጥ ነው፣ ይሄኛው ዱቄት የገባበት ውሃው ያላለቀ መረቅ ነው። ደሞ ማፍላት ጀርሙን ቢገድለውም አንዳንዱ ጀርም ጥሎት ሚሄደው መርዝ በማፍላት አይጠፋም። በነሱ ጊዜስ ፍሪጅ ቢኖር ኖሮ ማን ጠዋት ማታ ሲያፈላ ይውል ነበር?

እና እንዲ ነው ሚደረገው። ከእሳት ሲወርድ የሚበላው ይነሳና ቀሪው ወዲያው ዝርግ እቃዎች ላይ ይከፋፈላል፣ ከፍታው ከ5 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፣ ወይ ደግሞ ድስቱን ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጦ ማማሰል፣ ውሃው ሲሞቅ መቀየር፣ እዚ የቧንቧችን ውሃ አጥንት ሚሰብር ስለሆነ ቶሎ ይሰራል (ሸክላውን ግን ትኩሱን ውሃ ውስጥ አትክተቱት፣ ይሰነጠቃል፣ ወጡን ሌላ እቃ ላይ ገልብጡት)። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት መስሪያ ቤት ለምግብ ቤቶች ያወጣው ልክ ከ57 ዲግሪ ወደ 21 በ2 ሰዓት ውስጥ፣ ከዛ ወደ 5 ዲግሪ በቀጣዩ 4 ሰዓት ውስጥ ይውረድ ነው። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ማን አለው፣ በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ ገባ ማለት በቂ ነው። ትንሽ ትኩስ ቢሆንም ይግባ፣ ፍሪጅ ያበላሻል ምናምን የሚባለው በትልቅ ድስት ሙሉ ትኩስ ከከተታችሁ ነው። በማግስቱ ስታወጡት ላዩ ላይ ስቡ ነጭ ሆኖ ረግቶ፣ ስሩ መረቁ እንደ ጄሎ ሲንቀጠቀጥ ካያችሁ አውራ ዶሮው ስራውን ሰርቷል፣ ስቡን በማንኪያ አንስታችሁ ሚበላውን ያህል ብቻ ቀንሳችሁ በደንብ እስኪንተከተክ ማሞቅ ነው፣ ሁሉንም እያሞቁ መመለስ የለም።

ፍሪጅ ውስጥ 3 ወይ 4 ቀን ይቆያል። በኛ ቀን አቆጣጠር ሲሆን፣ ማክሰኞ የሰራችሁት ረቡዕን በጾም አልፎ ሐሙስ ይበላል፣ ሐሙስ የሰራችሁትም ዓርብን አልፎ ቅዳሜ፣ ሁለቱም ጊዜ ወጡ አርፎ በደንብ የጣፈጠበት ሰዓት ላይ ነው ምታገኙት፣ ጾሙ ለዚ ወጥ የተሰራ ነው ሚመስለው። ጾም መግቢያ ላይ የተረፈ ከሆነ ግን ፋሲካ ድረስ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጣለሁ ማለት የለም፣ ፍሪዘር ውስጥ ነው፣ እዛ ከ2 እስከ 3 ወር ጣዕሙ ሳይሄድ ይቆያል፣ ሲወጣም ፍሪጅ ውስጥ አድሮ ይሟሟ። ዱቄት ያለው መረቅ ከበረዶ ሲወጣ ውሃና ዱቄቱ ይለያያል፣ እያሞቃችሁ በሹካ ምቱት ይመለሳል፣ እንጉዳዩ ግን ላስቲክ ስለሚሆን አዲስ ጠብሶ መጨመር ነው።

መብራት ሲሄድስ? እሱን እናንተም ታውቁታላችሁ። ፍሪጁ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ገደማ ይይዛል፣ የሞላ ፍሪዘር ደግሞ ሳይከፈት ሁለት ቀን፣ ግማሽ ከሆነ አንድ ቀን፣ ስለዚ መብራት ሄደ ተብሎ አሁንም አሁንም ከፍቶ ማየት ነው ሚያበላሸው። ከዛ በላይ ከጠፋና ወጡ ለብ ብሎ ከዋለ መድፋት ነው፣ ዶሮ በዚ ዋጋ መድፋት እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ።

እርማቱን ስታወጡ ግን ከታች ጥግ ላይ በደቃቅ ፊደል እንዳታደርጉት አደራ፣ አሰራሩ የወጣበት ገፅ ላይ በዛው መጠን ይውጣ። እኔ ማውቃቸው ሴቶች ያቺን ገፅ ቆርጠው ማዕድ ቤት ግድግዳ ላይ ለጥፈዋታል፣ ፋሲካ ሲደርስ የሚሰሩት ከሷ ላይ እያዩ ነው።

አክባሪያችሁ፣ ከደብረ ብርሃን